ወደ ክምሩ የማይሄድ ልጣጭ

ሾፌሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆሻሻ መኪና ነድቷል። የከተማውን ጥራጊ ሰብስቦ ዳር ያለው ትልቅ ክምር ላይ ወጥቶ ይገለብጣል፤ ሥራው ይኸው ነበር። ከክምሩ ግርጌ ታናሽ እህቱ ከባሏ ጋር ትኖር ስለነበር፣ ገልብጦ ሲወርድ ክላክስ ያደርግላታል፤ እሷም በሩ ላይ ብቅ ብላ እጇን ታወዛውዝለታለች።

ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድ ከርሞ፣ አንድ ጠዋት ክምሩ ከጎማው ሥር ሲርገበገብ ተሰማው። ለተቆጣጣሪው ነገረው። ተቆጣጣሪው ሌላ መገልበጫ ቦታ እንደሌለ፣ ከኋላውም ስድስት መኪና ተሰልፎ እንደሚጠብቅ ነግሮት አለፈ። ሾፌሩ ገልብጦ ሄደ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ክምሩ ተንዶ ግርጌው ያሉትን ቤቶች ዋጣቸው። እህቱን በሦስተኛው ቀን አወጧት። ባሏ ሥራ ላይ ስለነበር ተረፈ፤ መትረፍ ከተባለ።

ማንም ሾፌሩን ጥፋተኛ አላለውም። እሱ ግን የመኪናውን ቁልፍ አስረክቦ ቤቱ ገባ፤ እህል አልወርድ አለው። ቀን ከሌት የሚመላለስበት ያ የገለበጠው ጭነት ነበር። ምን እንደነበረ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ከግማሽ በላይ የወጥ ቤት ትራፊ ነው፤ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል፣ የሻገተ ዳቦ። ውሃ ይዞ ክምሩን ያከበደው እሱ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ አትክልተኛ ያን ሁሉ አፈር ማድረግ እንደሚቻል ድሮ ነግሮት ስቆበት ነበር። አሁን ራሱ ሄዶ ጠየቀው። ከዚያ ጓሮው ውስጥ ከአሮጌ ጣውላ ሳጥን አበጅቶ፣ ልጣጩን ከደረቅ ቅጠል ጋር እያነባበረ፣ በየሳምንቱ እያገላበጠ ያበሰብሰው ጀመር። ለጎረቤቶቹም በር እያንኳኳ ባልዲ አደለ። ዘጠኝ ቤት ተቀበለው፤ ገሚሱ አዝኖለት፣ ገሚሱ ነካ አድርጎታል ብሎ። የልጣጭ ሚኒስትር የሚል ስምም አወጡለት። መጀመሪያ ቅጠሉን አሳንሶ ስለነበር ጓሮው ሸተተ፤ ሚስቱም ከቆሻሻ መኪና ወረደ ስል ቆሻሻውን ቤቴ ድረስ አመጣው እያለች አማረረች። ደረቁን ሲጨምርበት ግን ሽታው ጠፋ።

በዚህ መሃል ክምሩ ተመልሶ ተከፈተ። የቀድሞ ጓደኞቹ መኪና በደጁ ሲያልፍ እያየ፣ አንዷ መኪና በአንድ ጉዞ የምትገለብጠውን የእሱ ጓሮ በሦስት ዓመትም እንደማይጨርሰው ያስብ ነበር። ቢሆንም ማገላበጡን አልተወም።

በስምንተኛው ወር አፈሩ ደረሰ፤ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ዝናብ የነካው መሬት የሚሸት። አንድ እሁድ ሁለት ጆንያ ሞልቶ እህቱ መቃብር ሄደ። ቦታው ሣር የማይበቅልበት ደረቅ ሸክላ ስለሆነ፣ አፈሩን አልብሶ አበባ ሊተክልላት ነበር ሐሳቡ። ባሏ እዚያ ተቀምጦ አገኘው። ከቀብሩ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። ሾፌሩ ያመጣው ምን እንደሆነና ከምን እንደተሠራ አስረዳው።

አማቹ እፍኝ አንስቶ አሸተተና መልሶ ጆንያው ውስጥ ጨመረው።

«ያው ቆሻሻ ነው» አለ።

«ነበር። አሁን አፈር ሆኗል።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ከላይዋ ስዝቅ ነበር። ደግመህ አታልብሳት።»

ሾፌሩ ጆንያዎቹን አሰረ። አስሮም መሄድ አቃተው።

«የዚያን ቀን ጠዋት ክምሩ ሲንቀሳቀስ ተሰምቶኝ ነበር» አለ። ለቤተሰብ ሲናገረው የመጀመሪያው ነው።

አማቹ ቀና ብሎ አየው። «ተሰምቶህ ገለበጥክ?»

«ገለበጥኩ።»

 አማቹ «እሁድ እሁድ የምመጣው እኔ ነኝ። አንተ ሌላ ቀን ፈልግ» አለውና ፊቱን ወደ መቃብሩ መለሰ።

ሾፌሩ ጆንያዎቹን ተሸክሞ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ፊቱን አየችና አካፋ አምጥታ አፈሩን ከአጥሩ ሥር አብራው በተነች።

በማግስቱ ባልዲዎቹን ሊሰበስብ ወጣ። ከዘጠኙ ቤት ሁለቱ ትተውት ኖሯል፤ የሰባቱን ይዞ ተመለሰ።