ነጭ አበባ በእድሩ ግድግዳ

መጀመሪያ የተሰማው ለቅሶ ነበር። ነመራ የቀለም ባልዲውን አንጠልጥሎ ዳገቱን ሲወጣ፣ ከእድሩ አዳራሽ በኩል የሴቶች ዋይታ መጣ። «ማን ሞተ ደግሞ?» ብሎ ፈጠነ።

ሴቶቹ የቆሙት እሱ በሳለው ግድግዳ ፊት ነው።

ሰፈሩ በነቀምቴ ዳር ትናንት የበቀለ ነው፤ ቆርቆሮው ይነካካል እንጂ ሰዉ አይተዋወቅም። ስም እንኳ የለው፤ ባለባጃጆቹ «ከውኃ ታንከሩ በላይ» ይሉታል። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ጋሩማ ናቸው «ከየቤቱ አንድ ፎቶ ይምጣና እድሩ ግድግዳ ላይ ይሳል፤ ፊታችን ለሰፈሩ ስም ያውጣልን» ያሉት። ነመራ ይህን ስም እንደ ልጅ ሲጠብቅ ከረመ።

እንጀራው የሱቅ ታፔላና የሟች ምስል ነው። ለሟች ከደረቱ ሥር አንዲት ነጭ አበባ ያኖራል፤ ከተማው ሁሉ ያውቃታል። ብቻቸውን የሚኖሩት አዴ ወርቂቱ የልጃቸውን የቀነአን ፎቶ ሲሰጡት እንባ ቀደማቸው፤ «አደራ፣ ከእሱ የቀረኝ ይኸው ነው» አሉት። ኀዘንተኛ መቼ ሞተብዎ ተብሎ አይጠየቅም። ሳይጠይቅ አበባዋን ሳላት።

«ሀርሜ ኮ፣ እናቴ!» ትላለች ጎረቤታቸው ፌኔት ደረቷን እየደቃች፣ «ይህ ሁሉ ኀዘን ለብቻ ይዋጣል? እኛ ሰው አይደለንም?»

አዴ ወርቂቱ ግን አያለቅሱም። ነመራን ሲያዩ ቀስ ብለው ጠጋ አሉት።

«ማን ነገረህ?»

«ምኑን?»

«ልጄ ሥራ ብሎ ከወጣ አራት ዓመቱ። ስልኩ አይነሣም። አንተ ከሰማህ አትደብቀኝ።»

ነመራ ባልዲውን መሬት አስቀመጠ። «ምንም አልሰማሁም፣ ሀርሜ! ሞቷል ብለው ያመጡት መስሎኝ ነው።»

«አንተ ቀለም አቡኪ!» ጮኸች ፌኔት። «የሰው ልጅ በቁሙ ትቀብራለህ?»

ብሩሹን አንሥቶ አበባዋን በሥዕሉ ሸሚዝ ሰማያዊ ቀለም ሸፈናት። ነጯ ከሥር ታየች። ደገመ። አሁንም ታየች። ለቅሶውን የሰማ ሁሉ ከታች ከላይ እየመጣ፣ የማያውቀውን ሰው እጅ እየያዘ «ያጽናን» ይላል።

አንድ ባጃጅ አጠገባቸው ቆመ። «ሥዕሉ ጋ ወራጅ!» አለ ሾፌሩ።

የሰፈሩ ስም ወጣ። ነመራ ቀና አላለም።

አዴ ወርቂቱ እርጥቡን ቀለም በጣታቸው ነኩት። ቤታቸው ገብተው በትንሽ ፌስታል ቅያሪ ልብስ ይዘው ወጡ፤ በሩን ቆለፉ፤ ባጃጁ ውስጥ ገቡ።

«ሀርሜ፣ ወዴት ነው?»

ሰማያዊ ጣታቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁት። ባጃጁ ወደ መናኸሪያው ቁልቁል ታጠፈ።