ወደ ፊርደውስ ቤት የሚያወጣው ዳገት

ሚስባህ ዓይነ አፋር ነው። ሰው ፊት መቅረብ ሲጨንቀው መንገድ ሁሉ ይረዝምበታል። ደሴ ላይ ፊርደውስን እስከ ሰፈሯ ሲሸኝ እየሳቀ የሚወጣው ዳገት፣ ለጋብቻ ሊያስጠይቃት ሽማግሌ ይዞ የመጣ ዕለት እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ታየው።

ሽማግሌዎቹ ከደጋን የመጡት አጎቱ ሼህ በሺርና ሁለት የኮምቦልቻ ጎረቤቶቹ ናቸው። ሚስባህ ሽቅብ አየና ላብ አጠመቀው።

«አጎቴ፣ እስኪ ሻይ ቅመሱ» ብሎ ከዳገቱ ሥር ካለች ሻይ ቤት አስቀመጣቸው። ከዚያ ለብቻው ዞር ብሎ ለፊርደውስ ወንድም ለሀፊዝ ደወለ። ሽማግሌዎቹ ዳገቱን አይችሉትምና አባትህ ይውረዱልን አለው።

ብዙም ሳይቆይ ሀፊዝ ብቻውን ወረደ። ፊቱ ጠቁሯል።

«አባቴ ‹ሽማግሌ ደጅ ይጠናል እንጂ ደጅ ወደ ሽማግሌ አይወርድም› ብለዋል። ሳትወጡ የዙሁር ሶላት ከደረሰ ነገሩ እዚሁ ይብቃ ነው የሚሉት።»

ሼህ በሺር ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ማነው ውረዱ ያላቸው?»

ሚስባህ መሬት መሬቱን አየ። «እኔ ነኝ። ዳገቱ ገደል ነው፣ አጎቴ።»

«የቱ? ይሄ? ወላሂ እኛ ሰፈር ይሄን ሜዳ ነው የምንለው። ይልቅ ሰውየውን ፈርተህ እንዳይሆን።»

ከዘራቸውን አንስተው ፊት ፊት ወጡ። ሁለቱ ጎረቤቶችና ሀፊዝ ተከተሏቸው። ሚስባህ ከሥር ሆኖ ሲያያቸው የተንጠለጠሉ መሰሉት፤ እነሱ ግን እያወሩ፣ እየተሳሳቁ በሩ ላይ ደረሱ።

ውስጥ የሆነውን ሀፊዝ ነው በኋላ የነገረው። አባትየው በሻይ ቤቱ ነገር ተቆጥተው ነበር። ሼህ በሺር ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ወስደው ይቅርታ ጠየቁና አውፍ አስባሏቸው። ዙሁር ሲቃረብ ሀፊዝ ከላይ ተጣራ።

«ሚስባህ፣ ሰጥተውሃል። ና አባቴን ሰላም በል።»

እንዴት እንደ ወጣ አያውቀውም። ተመራርቀው ሲመለሱም እየዘለለ ወርዶ አስፋልቱ ዳር ቆመና ሽማግሌዎቹን ጠበቀ። ዳገቱ ይኸው፣ አጭር ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሼህ በሺር ግን መሃል ላይ አጥር ተደግፈው ቀርተዋል።

«ምነው፣ አጎቴ?»

«ስወጣ ልቤ የምናገረው ላይ ስለ ነበር አላየሁትም» አሉ ቁልቁል እያዩ። «እውነትህን ነው፣ ገደል ነው። ና ደግፈኝ።»