የስድስተኛው በር ትኬት

የክፍያ ጣቢያው ለመድረስ አንድ ኪሎ ሜትር ሲቀረኝ ከባድ መኪኖች በቀኝ ጠርዝ ተሰልፈው አየሁ። በሰባተኛው በር በሳምንት ሦስት ቀን አልፋለሁ፤ በዚህ ሰዓት ሰልፍ ኖሮበት አያውቅም። ፍጥነቴን ቀንሼ ከመጨረሻው መኪና ኋላ ቆምኩ። ለስድስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ነበር። ከፊቴ ያሉትን ቆጠርኩ፤ ሰባት ናቸው።

ከፊቴ የቆመው የሲሚንቶ መኪና ሾፌር ወርዶ ወገቡን ያፍታታል። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚሄድ ሰው ነው።

«ምን ተገኘ?» አልኩት በመስኮት።

«ትኬት ያያሉ። ጠዋት ስድስተኛ በር ላይ አንዱ የመንገድ ኮን የምትደረድር ሠራተኛ ገጭቶ ሳይቆም ሄደ።»

«ሞተች?»

«ነፍሷ አለች ይላሉ፤ ግን አልነቃችም። ከስድስተኛ የገባ የጭነት መኪና ነው የሚፈለገው። እኔ ከሦስተኛ ገብቼ ለምን እዚህ እንደምጋገር እንጃ። አንተስ ከየት ነህ?»

«ከአንደኛ።»

«እንግዲያው ጋደም በል። ስንደርስ እቀሰቅስሃለሁ።»

እውነቴን ነበር፤ የገባሁት ከአንደኛ በር ነው። ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ያለው ትኬት ግን የተቆረጠው ከስድስተኛ በር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ የፍጥነት መንገድ ስትገባ ትኬት ትወስዳለህ፣ ስትወጣ በኪሎ ሜትሩ ልክ ትከፍላለህ። ትኬቱ ላይ የሚታተመው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ የገባህበት በር፣ የገባህበት ሰዓትና የመኪናው ዓይነት። ታርጋ አይጻፍበትም። እኔ ከአንደኛ ገብቼ በሰባተኛ እወጣለሁ፤ መቶ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር። የታናሽ እህቴ ባል ደግሞ በተቃራኒው ከስድስተኛ ገብቶ በሁለተኛ ይወጣል። ረጅምና ሥጋ የማይዝ ስለሆነ ሸንበቆ እንለዋለን። የመኪኖቻችን ዓይነት አንድ ነው። መሀል ላይ፣ አራተኛው በር አጠገብ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማረፊያ አለ፤ ሁለቱን የእግረኛ ድልድይ ያገናኛቸዋል። እዚያ ድልድይ ላይ እንጨባበጣለን። እጅ ለእጅ ስንላቀቅ የእሱ ትኬት እኔ መዳፍ ውስጥ፣ የእኔ ደግሞ እሱ ዘንድ ነው። እኔ ከስድስተኛ እንደገባ ሰው የአሥራ አራት ኪሎ ሜትር እከፍላለሁ፤ እሱ ከአንደኛ እንደገባ ሰው የአሥራ አንድ። ባለንብረቶቹ የሙሉውን ይሰጡናል፤ ትርፉ የእኛ ነው። ለምን ቆየህ ያለ ካለ ጎማ ፈንድቶብኝ ነው እንላለን።

ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሸንበቆን መንጃ ፈቃድ እንዲያወጣ የገፋሁት፣ ሥራ ያስገባሁት፣ በሁለተኛው ወር ድልድዩን ያሳየሁትም እኔው ነኝ። አራት ዓመት ሆነን።

ትኬቱን አውጥቼ አነበብኩት። ስድስተኛ በር፤ ሦስት ሰዓት ከአርባ አራት።

ከዚያ የዛሬውን የድልድይ ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል አስታወስኩ። ሸንበቆ ሁልጊዜ ያስጠብቀኛል፤ ዛሬ ቀድሞኝ ቆሞ ነበር። ሁልጊዜ «ጋሼ፣ መኪና ነው ወይስ በሬ ነው የምትነዳው?» ይለኛል፤ ዛሬ ምንም አላለኝም። እጁ ገና ታጥቦ እንደወጣ እርጥብ ነበር። መኪናውን ዘወትር ድልድዩ ሥር ያቆመዋል፤ ዛሬ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ፣ ቀኝ ጎኑን ለግንቡ አስጠግቶ አቁሞታል። ምነው ስለው «ከእህትህ ጋር ተነታርከን ነው የወጣሁት» አለኝ። አመንኩት። እህቴን አውቃታለሁ።

ሰልፉ በአንድ መኪና ተንቀሳቀሰ። እኔም ተከትዬ ተጠጋሁና ስልክ ደወልኩለት። ሊዘጋ ሲል አነሳው።

«ጋሼ፣ ደረስክ?»

«ሰልፍ ላይ ነኝ። የቀኝ ስፖኪዮህ አለ?»

የሞተሩ ድምፅ ይሰማኛል።

«የምን ስፖኪዮ?»

«መስታወቱ አለ ወይስ የለም?»

«ኮን መስሎኝ ነው ጋሼ። እናቴን። ኳ አለ፣ ኮን መታሁ ብዬ ዞር ስል መስታወቱ የለም። ኋላዬን በምን ልየው?»

«ሰው መሆኑን መቼ አወቅህ?»

«ማረፊያው ላይ ሾፌሮች ሲያወሩ ሰማሁ።»

«እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

ጠብቄ፣ ጠብቄ፣ አለመመለሱን እንደ መልስ ወሰድኩት።

«ስማኝ ጋሼ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንተ ምንም አትሆንም። አስቤበታለሁ። መስታወትህ ሙሉ ነው፣ መኪናህ ጭረት የለበትም። አይተው ይለቁሃል። እኔ ደግሞ ሁለተኛ በር ልደርስ ነው፤ የአንደኛን ትኬት ማንም አይፈልገውም። ነገ መስታወቱን አስገጥማለሁ፣ አለቀ።»

«ልጅቷ አልነቃችም።»

«እኔ ብመለስ ትነቃለች?»

«ሁለተኛ በር ላይ ትራፊክ አይጠፋም። ሄደህ ንገራቸው። እኔ ሳልደርስ ንገራቸው። ስድስት መኪና ነው የቀረኝ።»

«ሁለት ልጆች አሉኝ እኮ። የእህትህ ልጆች ናቸው።»

«የማን እንደሆኑ አውቃለሁ። ንገራቸው።»

«እሺ» አለ። እዳ ሲጠየቅ የሚላት እሺ አለችው፤ እሷን ነው ያለኝ። ስልኩ ተዘጋ።

ያሉኝን መንገዶች አንድ በአንድ አየኋቸው። ትኬት ጠፋብኝ ማለት ይቻላል፤ ትኬት የጠፋበት ሰው ከሩቁ በር እንደገባ ተቆጥሮ ሙሉውን ይከፍላል። ሌላ ቀን ቢሆን ያዋጣ ነበር። ዛሬ ትኬት ጠፋብኝ የሚል የጭነት ሾፌር ግን ራሱን አስሮ እንደማቅረብ ነው። ትኬቱን መስጠትም ይቻላል፤ ሸንበቆ እንዳለው አይተው ይለቁኛል። እውነቱን መናገርም ይቻላል። በክፍያ ጣቢያው መስኮቶች ሁሉ ላይ ትኬት የተለዋወጠ ሾፌር መንጃ ፈቃዱ እንደሚሰረዝ ተለጥፏል። እድሜዬ ሃምሳ ሦስት ነው፤ ከመንዳት ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። የእኔ በዚያ ያበቃል። የእሱ ግን እስር ነው፤ አሳልፌ የምሰጠውም እኔ ነኝ።

አምስት መኪና። አራት። ስልኬን ዳሽቦርዱ ላይ ፊት ለፊቴ አቆምኩት። አልጠራም።

የሲሚንቶው ሾፌር እስከ ፊት ደርሶ ወሬ ለቅሞ ተመለሰ።

«በዚያ ሰዓት ከስድስተኛ የገቡት አራት መኪኖች ናቸው አሉ» አለኝ የጋቢናዬን በር ተደግፎ። «ሠራተኛዋ የተገጨችው መንገዱ ለሁለት ሳይከፈል ስለሆነ፣ ወዲህም ይሂድ ወዲያ ከአራቱ አንዱ ነው። የመስታወት ስብርባሪ አጠገቧ ተገኝቷል። ሁለቱን አይተው ለቀዋቸዋል። ሦስተኛው ያ ሽማግሌ ነው።»

«የቱ?»

«ያ ቲማቲም የጫነው። መስታወት የለውም። አራተኛው ብቻ ነው የቀረው። እሱ ንጹህ ከሆነ ሰውዬው ጉድ ፈላበት።»

በጣቱ ወደ ጠቆመኝ አየሁ። ከክፍያ መስኮቶቹ አለፍ ብሎ አሮጌ መኪና ዳር ይዞ ቆሟል። የቀኝ ስፖኪዮው በሽቦ ታስሯል፤ ክፈፉ ባዶ ነው። ከጎኑ አንድ ፀጉሩ የነጣ ሰው የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ በባርኔጣው ፊቱን ያራግባል። የሚቀመጥበት ጥላ አጥቶ ሳይሆን፣ ሸራውን ገልጦ ቲማቲሙን እያናፈሰ ከመኪናው ላለመራቅ ነው ፀሐዩ ላይ የተቀመጠው። በየመሀሉ ተነስቶ ጫፍ ላይ ያለውን አንዱን ፍሬ ይነካል፣ ይቀመጣል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው?»

«ሁለት ሰዓት ሊሞላው ነው።»

ሲሚንቶው አለፈ። ተራዬ ደረሰ።

ገንዘብ ተቀባይዋ ታውቀኛለች። «ዛሬም ጎማ?» ልትለኝ ፈገግ ብላ ትኬቱን ስታየው ፈገግታዋን ሰበሰበችው። «ስድስተኛ። ሦስት ሰዓት ከአርባ አራት» አለች ጮክ ብላ፤ ለእኔ ሳይሆን ከመስኮቱ ጎን ለቆመችው ትራፊክ ፖሊስ።

ትራፊኳ ወጣት ናት። እጇ ላይ በክላሰር የተያዘ ወረቀት አለ፤ አራት የመግቢያ ሰዓቶች ተጽፈውበታል፣ ሦስቱ አጠገብ የእስክርቢቶ ምልክት አለ።

«አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ሁለት ሰዓት ከግማሽ ፈጀብህ?»

«ጎማ ፈንድቶብኝ ነው» አልኩ። አፌ ለምዶት ያለ ፈቃዴ አወጣው።

መኪናዬን በፊት በኩል ዞረች። በቀኝ መወጣጫው ላይ ቆማ መስታወቱን አየችው። ዝገት የያዙትን የስፖኪዮ ብሎኖች አንድ በአንድ አየች። ጣቷን በክፈፉ ጠርዝ ሳብ አድርጋ አቧራውን ተመለከተች። በደንብ የምትሠራ ሰው ናት፤ ተቻኩላ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

«ይህ ከተገጠመ ቆይቷል፣ አልተነካም» ብላ ወረደች። አራተኛው ሰዓት አጠገብ ምልክት አደረገች። «ክፈልና እለፍ ወንድሜ። ስላዘገየንህ ይቅርታ።»

ከፈልኩ፤ የአሥራ አራት ኪሎ ሜትሩን። ማገጃው ተነሳ።

እሷ ወደ ሽማግሌው ስትሄድ መስኮቴ ክፍት ነበር።

«አባቴ፣ አራቱም ታይተዋል። እንግዲህ ከእርስዎ ሌላ የለም።»

«መስታወቱ ከተሰበረ ዓመቱ ነው አልኩሽ እኮ ልጄ። ሽቦው ዝጓል፤ እይው።»

«ሽቦውን አይቻለሁ። መስታወቱ መቼ እንደወደቀ ግን ሽቦው አይነግረኝም። ባለንብረቱ ስልክ አያነሳም። ጣቢያ እንሂድና እዚያ ያስረዳሉ።»

«ቲማቲሙስ?»

ሰውዬው ባርኔጣውን አደረገ፣ አወለቀ፣ እንደገና አደረገ። ከዚያ ሳይጠየቅ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት።

እግሬ ፍሪሲዮን ላይ ነበር። ከኋላዬ ያለው መኪና አንዴ ጡሩምባ ነፋ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ስልክ አየሁት፤ ከሸንበቆ ጋር ካወራን ሃያ ሁለት ደቂቃ ሆኗል። ሁለተኛ በር ላይ ነግሯቸው ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ በትራፊኳ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። እኔ ካለፍኩ አራት መኪና ነበር፣ አራቱም ታየ፣ መዝገቡ ተዘጋ። ሸንበቆ ከስድስተኛ በር ጨርሶ አልገባም ማለት ነው። ሽማግሌውን የሚያሳስረው መስታወቱ ሳይሆን እኔ አሁን የሰጠሁት ወረቀት ነው።

ሞተሩን አጠፋሁት።

«ምነው፣ ተከፍቷል እኮ» አለች ተቀባይዋ።

«ያንን ትኬት እንዳትጥይው» አልኳት። በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ትራፊኳ ሞተሩ ሲጠፋ ሰምታ ዞራለች። አሥር እርምጃ ተራምጄ ፊቷ ቆምኩ።

«ትኬቱ የእኔ አይደለም» አልኳት። «የገባሁት ከአንደኛ በር ነው። ማረፊያው ላይ ተለዋውጠን ነው። በሦስት ሰዓት ከአርባ አራት የገባው መኪና ሌላ ነው፤ አላየሽውም።»

ወረቀቷን ዝቅ አደረገች። «ጎማ ፈነዳብኝ ብለኸኝ ነበር።»

«ሁልጊዜ የምንለው ነው።»

«ከማን ጋር ነው የተለዋወጥከው?»

ሽማግሌው ቁልፉን እንደዘረጋ ቆሞ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያል። የእህቴ ባል ልል አፌን ስከፍት ስልኬ ጋቢናው ውስጥ ጮኸ። ትራፊኳ ፊቴን አይታ ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ አወቀች። ከፊቴ ቀድማ ሄደች፣ በሩን ከፈተች፣ ስልኩን አንስታ ሰጠችኝ።

«ድምፁን ለሁላችንም ክፈተው።»

ከፈትኩት።

«ጋሼ» አለ ሸንበቆ፣ እየተጣደፈ። «አለፍክ?»

ተቀባይዋ በመስኮቷ አንገቷን አውጥታለች። ከኋላ የነበረው ጡሩምባ ቆሟል።

«አላለፍኩም» አልኩት። «ትራፊክ አጠገቤ ቆማ ትሰማሃለች። የት ነህ?»

ይዘጋዋል ብዬ ነበር፤ አልዘጋውም።

«ሁለተኛን ወጥቻለሁ» አለ።

«አልነገርካቸውም።»

«ሰልፍ አልነበረም ጋሼ። ትኬቱን ተቀበለችኝ፣ ማገጃው ወዲያው ተነሳ። ወጣሁ።»

«ዳር ያዝና ቁም። ባለህበት ይመጡልሃል። ለእሷ እኔ እነግራታለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«ድልድዩን ያሳየሁህ እኔ መሆኔን ጭምር።»

ከዚያ ፍሬቻው ሲበራ በስልኩ ሰማሁት፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ሞተሩ ማርሽ ሲቀንስ ሰማሁ፣ ጎማው ከአስፋልት ወጥቶ ጠጠር ላይ ሲወጣ ሰማሁ። ትራፊኳ በአንድ እጇ ለሽማግሌው ቁልፉን መልሶ ወደ ኪሱ እንዲከት ምልክት ሰጠችው፤ ሌላውን እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። መንጃ ፈቃዴን አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት።