ዕጣ ያልወጣላት ጎረቤት

"አልሰረቅሁ፣ ምን አሳፍሮኝ ትምህርቱን በሬን ዘግቼ እሰማለሁ?" አለች ማይሙና፣ የልጇን የኢክላስን ፀጉር መጎንጎኗን ሳታቋርጥ።

ኒዛር በሩ ላይ እንደቆመ ላቡን ጠረገ። እንደ እሷው ድንበር ተሻግሮ የመጣ የድሬ ልጅ ነው። ለጥናቱ ቤት ለቤት የሚዞረው እሱ ነው። ጥናቱ ለትንንሽ ልጆች ወላጆች በስልክ የሚላክ የልጅ አስተዳደግ ትምህርት ይጥቀም አይጥቀም ለማየት የሚደረግ ነው። ከሚኖሩበት ሰፈር፣ ከካርቲየ 7 ቢስ፣ እናቶች ግማሾቹ ወዲያው እንዲማሩ፣ ግማሾቹ ደግሞ ተራቸውን እንዲጠብቁ ዕጣ ወጥቷል። ለማይሙና ደረሳት። ግቢ ለምትጋራት ለኻሊዳ ግን አልደረሳትም።

"ብቻሽን ልትሰሚ ተስማምተን አልነበር?" አለ ኒዛር። "ባለፈው ኻሊዳን ብጠይቃት ያልተላከላትን ትምህርት በቃሏ ዘረገፈችው!"

የማይሙና ሳቅ አመለጣት። ታዲያ ምን ታድርግ? ሙቀቱ ሲከፋ የግቢው ሴቶች መብራት ለመቆጠብ በየተራ በአንዷ ቤት አንድ የአየር ማራገቢያ ቬንቲላተር ይከፍታሉ፤ ከቀትር እስከ ዐሥር ሰዓት ልጆቻቸውን አቅፈው እዚያው ይጋደማሉ። ወንዶቹ ጫታቸውን ይዘው ሌላ ቦታ ናቸው። የጥናቱ ሰዎች ደግሞ "እናት ዕረፍት የምታገኝበት ሰዓት ነው" ብለው ትምህርቱን የሚልኩት ልክ በዚያው ሰዓት ነው። ስልኩ ሲናገር ሁሉም ጆሮ አለው።

"ጆሮ ማዳመጫ ሰጥቼሽ ነበር።"

"የግቢው ሴት ሁሉ አጠገቤ ተጋድማ እኔ ጆሮዬን ልደፍን? አቦ ተወኝ! ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።"

"ቀልድ አይደለም ማይሙና። ያልተማሩትም ከተማሩት እኩል ከተሻሻሉ፣ ትምህርቱ ምንም አልፈየደም ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ማንም አያገኘውም።"

"ፈይዷል እንጂ! ልጇ ላይ ቀበቶ ታነሳ የነበረችው ኻሊዳ ዛሬ ተንበርክካ ልጇን ዐይን ዐይኑን እያየች ታናግረዋለች።"

"ምናልባት ልጁ ከፍ ብሎ ይሆናል። ምናልባት ሌላ ምክንያት አለው። ያንን ለመለየት ነው የምንለፋው።"

ነገሩ እውነትነት እንዳለው ማይሙና ገባት። ስለገባትም ይበልጥ ተናደደች።

ኒዛር ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ ልሰርዝሽ አልፈልግም። አለቆቼ ግን ቁርጡን ነግረውኛል። ከዛሬ ጀምሮ ለኻሊዳ አንዲት ነገር ብታካፍዪ ትምህርቱ ይቋረጥብሻል። የሚቀጥለው ደግሞ ልጅን እንዴት አፍ እንደሚያስፈቱ ነው።"

እጇ ፀጉሩ ላይ ቆመ። ኢክላስ ሦስት ዓመት አልፏት "እማ" እና "ውሃ" ከማለት በቀር ቃል አይወጣትም። አማቷ ዓቢዳ ከድሬ በደወለች ቁጥር "በቋንቋ ብዛት ልጅቷን አደነዘዝሻት፣ ለእኔ ላኪልኝ" እያለች ትወተውታለች። ማይሙና ይሄን ትምህርት እንደ ዒድ ጨረቃ ስትጠብቀው ነው የከረመችው። አሁን ፈራች፤ ልጇን የምታጣ መሰላት።

ከግቢው ማዶ ጀሪካን ሲወድቅ ተሰማ፤ የኻሊዳ ጩኸት ተከተለው።

"ውሃውን! የመጠጡን ውሃ!"

ማይሙና በመስኮት ተመለከተች። የአራት ዓመቱ ሳቢት ባፈሰሰው ውሃ መሐል ቆሞ ክንዱን ፊቱ ላይ ጋርዷል። የእናቱ እጅ ነጠላ ጫማ ይዞ ከራሱ በላይ ተነስቷል፤ አልወረደም፣ አልተመለሰምም።

"ማይሙናዬ!" አለች ኻሊዳ። "ሲያናድደኝ ትምህርቱ መጀመሪያ አድርጊ የሚለው ምን ነበር? ጠፋብኝ! ወላሂ ልመታው ነው!"

"ዝም በያት" አለ ኒዛር። የሚለምን ይመስል ነበር። "አሁን ብቻ፣ ለልጅሽ ስትይ።"

ማይሙና ኢክላስን አየች። ከዚያ ግቢው ሁሉ እንዲሰማት አድርጋ ጮኸች።

"ጫማውን ጣዪው! ወደ ኋላ ፈቀቅ በይና ተንፍሺ! ንዴትሽ እስኪበርድ አንዲት ቃል እንዳትናገሪው!"

ጫማው መሬት ላይ ሲወድቅ ተሰማ።

"ልሰርዝሽ ነው" አለ ኒዛር።

"ሰርዘኝ። ለምን ካሉህ ጎረቤት አላት በላቸው።"

ኢክላስን በግማሽ ጉንጉኗ ወገቧ ላይ አስቀመጠቻትና በአጠገቡ አልፋ ወጣች። ያ ያልመጣላት አፍ የማስፈታት ትምህርት ምን እንደሚል አታውቅም። ቢሆንም ግቢውን ስታቋርጥ አፏን ከልጇ ጆሮ አስጠግታ፣ ኒዛር እየሰማ፣ ያየችውን ሁሉ ትነግራት ጀመር። "ይሄ በር ነው። ይሄ የፈሰሰ ውሃ ነው። ይሄ ሳቢት ነው፤ እያለቀሰ ነው። ነይ፣ እናባብለው።"