የነጣው ከረጢት

ጨርቅ በማንጣት ወይዘሮ የሺአረግን የምታህል ሴት በጣና ዳር አልተገኘችም። ዛሬ ግን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ግቢ «ከረጢቱን ያበላሸች አሮጊት» ተባሉ። ያሠራቸው እኮ ጓድ አምሐ፣ የፋብሪካው ሊቀ መንበር ራሱ ነው።

ከረጢቶቹ የአየር ማጣሪያ ናቸው፤ ጥጥ ከሚባዘትበት ክፍል አቧራ ይይዛሉ። ማራገቢያው አየሩን ይስባል፤ አቧራው ጨርቁ ላይ ይቀርና የጠራው አየር ወደ ክፍሉ ይመለሳል። በየፈረቃው ይራገፋሉ እንጂ ውኃ ነክቷቸው አያውቅም። ለአብዮት በዓል እንግዳ ሲመጣ ግን አምሐ «እንደ ነጠላ ይንጡልኝ» አለ። የሺአረግም በእንዶድ አሽተው፣ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ደብድበው አነጧቸው። ጨርቁ ሳሳ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ አቧራው ግን በሳሳው ጨርቅ እያለፈ በክፍሉ የሚሠሩት ሴቶች ደረት ውስጥ ገባ፤ እዚያው የምትሠራው የየሺአረግ ልጅ የወለላ ደረትም አልተረፈም።

«እማማ፣ ያሳሱት እርስዎ ነዎት» አላቸው አምሐ በሠራተኛው ፊት።

«ያንጡልኝ ብትለኝ አነጣሁ። እጄ ያጠፋውን አይክድም፤ ያንተ አፍስ?»

«አዲስ ከረጢት እስኪመጣ ተብሎ ሥራ አይቆምም» አለ አምሐ።

ወለላን ከሰዉ መሀል ሳል አጣደፋት። የሺአረግ ነጠላቸውን አጥብቀው ታጠቁና ቀረቡት።

«እንግዲያ ልጄን ከዚያ ክፍል አሁን አውጣት። ከረጢቱ እስኪመጣ በቦታዋ አንተ ቁም።»