«ሟች ናት» ያልኩት እኔ ነኝ

ጣሊያን ቡሬን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ ከነሱ አንዱ መካኒክ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በእህል መጋዘን ውስጥ ሲኒማ ያሳይ ነበር። መስኮቱን በጆንያ ደፍኖ፣ ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ወጥሮ፣ ከየአገሩ ያገኘውን ይለቅብናል። ሲኒማው ድምፅ የለው፤ በየመካከሉ የሚመጣውን ጽሑፍ የሚያነብ የለ። ስለዚህ ከአቡጀዲው ጎን ቆሞ ለሕዝቡ የሚያስረዳ ሰው ፈለገ። የመረጠው ክንፈሚካኤልን ነው።

ክንፈሚካኤልና እኔ አንድ ቅኔ ቤት ነበርን። እኔ ከመጀመሪያው የቅኔ ዓይነት፣ ከጉባኤ ቃና፣ ሳላልፍ ወጣሁ፤ የወጣሁትም ሰነፍ ሆኜ አይደለም። የኔታ ቅኔዬን በተማሪ ፊት «ይሄስ የእረኛ ነው» ሲሉ ቀድሞ የሳቀው እሱ ነበር። እሱ መሪጌታ ተባለ። እኔ ደረሰ ነኝ፤ እንዲሁ ደረሰ።

ጣልያንኛ እንደሆነ እሱም እንደኔው አያውቅም። ይፈጥራል። አንድ እሁድ ከጃፓን መጣ የተባለ ሲኒማ ታየ። ዝናብ ሣር ክዳን ላይ ይወርዳል፤ አንዲት ሴት ደጃፍ ቁጭ ብላ ታየዋለች፤ ሌላ ምንም የለ። እኔ እንዲያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ የእርጥቡ ሣር ሽታ አፍንጫዬ ድረስ መጣ። ዝም ቢለን ምን ነበረበት?

«ይህች የንጉሥ ልጅ ናት፤ ዝናቡም የአባቷ ቁጣ ነው» አለ።

ሰው ሁሉ «አቤት እውቀት!» አለ። ጥሩ ሲኒማ አፍ አይፈልግም፤ የሚያይ ዓይን ነው የሚፈልግ። ይህን ለማን ልንገር? እኔ እሱ ቦታ ብቆም ኖሮ ዝም ብዬ ባስረዳሁ።

ከዚያ ወዲያ ስህተቱን ለመልቀም ከእግሩ ሥር መቀመጥ ጀመርኩ።

ደግሞ ሌላ እሁድ የበረዶ አገር ሲኒማ መጣ። አንድ ሽማግሌ ዳቦ በብብቱ ይዞ ቤቱ ገባ። ሁለት ሳህን አቀረበ፤ ሁለት ጊዜ ቆረሰ። ፊት ለፊቱ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ከአንዱ በላ፤ ሌላውን በጨርቅ ሸፈነው።

«ሚስቱ ገበያ ሄዳለች፤ እስክትመጣ ነው» አለ ክንፈሚካኤል።

አልቻልኩም። «ሟች ናት!» ብዬ በጨለማው ጮህኩ። «ድርሻዋን ነው ያወጣላት! አይታያችሁም?»

ከዚያ ከኋላ አቻምየለሽ ተነሣች። ንብረት የሚባለው ባሏ ዱር ገብቶ ከሞተ ዓመቱ ነው፤ አርበኛን ማልቀስ ክልክል ስለነበር ለቅሶ አልተቀመጠችም። «እኔስ ድርሻህን መቼ አወጣሁልህ፣ ንብረቴ!» ብላ ደረቷን መታች። ሌላዋ ተቀበለቻት። ወዲያው መጋዘኑ ሁሉ የየራሱን ሟች በስም እየጠራ ያነባ ጀመር። አንድ ቃል ተናግሬ! እሱ በወር ያላደረገውን!

ወታደሮች በሩን በረገዱት። «ማነው የተናገረ?» አለ አስተርጓሚያቸው።

ልነሣ ነበር። ጅራፉን አየሁና መጀመሪያ ጋቢዬን ላጣፋ አልኩ። ጥቂት ነው የዘገየሁ።

«እኔ ነኝ» አለ ክንፈሚካኤል።

ገበያው መሀል ሃያ ገረፉት። ሲኒማውም በዚያው ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ልጠይቀው ሄድኩ። ጀርባውን ቅቤ ተቀብቶ በሆዱ ተኝቷል። ራስጌው ተቀመጥኩ።

«ለምን ወሰድክብኝ?» አልኩት።

«ጅራፉን?»

«ቃሌን!»

ሊስቅ ጀመረና አመመው። «ደረሰ፣ አንተኮ አትለወጥም። አስረጂው እኔ፤ እንዴት ብዬ ሌላ ሰው ልጠቁም?»

«አንተ ገበያ ሄዳለች ነው ያልክ!»

«ብያለሁ። መሞቷ መች ጠፋኝ? እነ አቻምየለሽ ተቀምጠው፣ በምን አፌ ልናገረው?»

ያን ጊዜ ነው የባሰ የጠላሁት። አይቶት ኖሯል።

አቻምየለሽ ማር ይዛ ገባች። «መሪጌታ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባሌን እንዳለቅሰው አበቁኝ።»

«እኔ አይደለሁም፤ ደረሰ ነው የተናገረው» አላት።

ቀና ብዬ ጠበቅሁ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«አያ ደረሰ?» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ወደሱ ዞረች። «ኧረ ይተዉ መሪጌታ! ትሕትናዎንም ያበዙታል!»

«በሚካኤል! እሱ ነው» አለ።

«እሺ፣ እሺ፤ አይድከሙ» አለችው፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። ማሩን አስቀምጣ እጁን ልትስም ጎንበስ አለች፤ እኔ ራስጌው ተቀምጬ መንገድ ዘግቼባት ነበር።

«አያ ደረሰ፣ እስቲ ጠጋ በልልኝ» አለች።

ጠጋ አልኩላት።