የያርጋል ግራ ዓይን

ወለተ ጊዮርጊስ ከዳባት ደባርቅ እስክትደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ነጠላዋን ስታስተካክል ነው የመጣችው። ምን ይፈረድባታል፤ ባሏ ያርጋል በሞተ በሰባት ዓመቱ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ወጥቶ፣ ነይና እዪው ተብላለች።

ደባርቅ አዲስ የታሪክ ቤት ሠርታለች። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣው ጎብኚ አስቀድሞ የአገሩን ታሪክ በሥዕል እንዲያይ ነው። ያርጋል ደግሞ ጎብኚ በበቅሎ እየጫነ አርባ ዓመት ተራራው ላይ እስካለው ጊች መንደር ድረስ የመራ ሰው ነበርና፣ እሱን ማን ይተወዋል።

አብራት የመጣችው ጎረቤቷ ነሲባ ናት፤ ዳባት ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ምላሷ አያርፍ እንጂ ሆዷ ቂም የማያውቅ ሴት። ወደ ታሪክ ቤቱ ሲገቡ ሥዕሉን ቀድማ ያየችውም እሷ ነች። ያርጋል ጋቢውን ደርቦ፣ በቅሎዋን ይዞ፣ ወደ ተራራው እያየ ቆሟል።

«ወይ ጉድ፣ ቁጭ እሱን» አለች ነሲባ።

ወለተ ጊዮርጊስ ግን ባለችበት ደርቃ ቀረች። «አንድ ዓይን ነው የሣሉለት።»

«ጎኑን ሰጥቶ ቆሞ እኮ ነው።»

«ነሲባዬ፣ አንቺ ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ አታውቂ፤ በምን ታውቂዋለሽ። በእኛ ሥዕል ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ነው የሚያይሽ። ባለ አንድ ዓይኑ ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው፣ ጌታን የገረፈው ወታደር ነው።»

ነሲባ ሥዕሉን እንደገና ቀረብ ብላ አየችው። ሁለቱም ያሰቡት አንድ ነገር ነበር። ያርጋል በሕይወት ሳለ ዋልያ አስገደለ ተብሎ ተወርቶበታል። ውሸት ነበር፤ ያወራውም ሰው ኋላ ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ጠይቋል። ይቅርታውን የሰሙት ግን ሽማግሌዎቹ ብቻ ናቸው፤ ወሬውን አገር ሰምቶታል። አሁን ደግሞ ይኸው በቀለም ሊጸናበት ነው። ነገ የያርጋል የልጅ ልጆች መጥተው ሲያዩት ምን ሊሉ ነው?

ሠዓሊው ምስክር እጁን በጨርቅ እየጠራረገ መጣ። ከተማ ሄዶ ሥዕል ተምሮ የተመለሰ የደባርቅ ልጅ ነው። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና «እማማ፣ ወደዱት?» አላት።

«ባሌ ምን በድሎህ ነው ልጄ?»

ነገሩን ስታስረዳው አንገቱን ደፋ። ቄስ አያቱ እጁን ይዘው በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ያሳዩትን እንዴት እንደረሳው ለራሱም ገረመው።

«ይቅር ይበሉኝ፤ ገመናቸውን የሸፈንኩ መስሎኝ ነው» አለ። «ፎቶግራፋቸው ላይ ግራ ዓይናቸው ጠፍቷል። ያየ ሁሉ እንዳይጠቋቆምባቸው ብዬ በደኅናው በኩል ሣልኳቸው።»

ወለተ ጊዮርጊስ አጠገቧ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልጁ ከየት ይወቀው። ጊች ዳገት ላይ የአንዲት ጎብኚ በቅሎ ደንብራ ወደ ገደሉ ስታፈገፍግ፣ ያርጋል ልጓሟ ላይ ተንጠለጠለ። ሴትዮዋ በደኅና ወረደች፤ የልጓሙ ብረት ግን ዓይኑን መታው። ከዚያ ወዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ዓይን በየማለዳው ለብ ባለ ውሃ የጠረገችለት እሷ ናት።

«እኔ አንድ ቀን አፍሬበት አላውቅም» አለችው። «ፊቱን ወደ ሰው አዙረውና ሁለቱንም ሣልለት። የጠፋውንም እንደ ጠፋ አድርገህ።»

የዚያን ቀን ከሰዓት ጎብኚዎች ይገባሉ ተብሎ ነበር። ምስክር ሥዕሉን በአቡጀዲ ጋረደው፤ የጠየቀውን ሁሉ «ገና አላለቀም» ይል ጀመር።

በሳምንቱ ሁለቱ ሴቶች ተመልሰው መጡ። ያርጋል አሁን ፊት ለፊት ያያል፤ ቀኙ ጥቁር፣ ግራው እንደ እርጎ ነጭ። ነሲባ እንባዋ ቀደማት። ወለተ ጊዮርጊስ ግን አላለቀሰችም። ቀረብ ብላ የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለችና፣ ተንጠራርታ ከነጩ ዓይን ሥር ቀስ አድርጋ ጠረገችለት።

ምስክር ቀለሙ አልደረቀም ሊላት አፉን ከፈተና ተወው።